ቨርጂኒያ ዉልፍን እርሳስ ይዞ ማንበብ፦ እስከ አሁን የደረስኩበት

በንባብ ቡድናችን ከተከፋፈልናቸው ርእሶች ለእኔ የደረሰኝ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ (1882–1941) ከሥዕል፣ ከሙዚቃና ከመድረክ ጋር የነበራት ዝምድና ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ስንገናኝ በቃል ብቻ ከምተርክላችሁ፣ ያነበብኩትንና በእጄ የሞከርኩትን አስቀድሜ በጽሑፍ ባካፍላችሁ ውይይታችንን ያፋጥነዋል ብዬ አሰብኩ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የያዝኩትን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር፦ ዉልፍ ከሠዓሊዎች የተማረችው የተበታተነ ነገር በምን እንደሚያያዝ ነው፤ ከመድረክ የተማረችው ደግሞ ያ የተያያዘው ነገር ተመልካች ፊት ሲቀርብ እንዴት እንደሚፈታ ነው። ስለ ሥዕሉ ብዙ ተጽፏል፤ መድረኩ ግን የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም ባይ ነኝ።

በቤተሰቧ ታሪክ ላይ ብዙ አልቆይም። ታላቅ እኅቷ ቫኔሳ ቤል ሠዓሊ ነበረች፤ የእናታቸው አክስት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ደግሞ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ከነበሩት ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዷ ናት። በኖቬምበር 1910 ሃያሲውና ሠዓሊው ሮጀር ፍራይ የሠዓሊዎቹን የሴዛንን፣ የቫን ጎግንና የጎጋንን ሥራዎች ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ሲያሳይ፣ ከተመልካቹ ከፊሉ ሳቀ፣ ከፊሉ ተቆጣ። ዉልፍ በ1924 ባሳተመችው መጣጥፍ የሰው ልጅ ጠባይ በዲሴምበር 1910 ገደማ ተለወጠ ብላ ስትጽፍ፣ ብዙዎቹ ተንታኞች ያን ዐውደ ርእይ በልቧ ይዛ እንደነበር ያስባሉ።

እኔን ቆም ያደረገኝ ግን በ1918 የሆነ ትንሽ ነገር ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ፣ ፓሪስ ውስጥ በተካሄደው የሠዓሊው የደጋ ስብስብ ጨረታ ላይ አንዲት ትንሽ የሴዛን ሥዕል ገዝቶ ተመለሰ፤ ጓዙ ስለከበደውም እነ ቫኔሳ ከሚኖሩበት የገጠር ቤት ሲደርስ ሥዕሏን መንገድ ዳር አጥር ሥር ትቷት ገባ። በሥዕሏ ላይ ያለው ፖም ብቻ ነው። ዉልፍ ለንደን ላይ ባየቻት ጊዜ፣ ስድስት ፖሞች ምን ሊሆኑ አይችሉም ስትል በዕለት ማስታወሻዋ ጠየቀች፤ እርስ በርስ ያላቸውን ዝምድና፣ ቀለማቸውንና ጥጥራቸውን አነሣች። (እኔ በኅትመት ቅጂው ላይ ስቆጥራቸው ሰባት ናቸው፤ ደራሲ ናትና ይቅር እንበላት።) ልብ በሉ፤ ከሁሉ አስቀድማ የጠቀሰችው ዝምድናቸውን ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥቂት ድንች ሰሃን ላይ አድርጌ መሳል ጀመርኩ። አንዱን ለይቼ ስስለው የድንች ሥዕል ነው፤ ሁለቱን አጠጋግቼ በመካከላቸው የሚያርፈውን ጠባብ ጥላ መሳል ስጀምር ግን ድንቹን ረስቼ ስለ ርቀት አስባለሁ። ከዚያ ወዲህ ልብ ወለዶቿን ሳነብ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ማን ማንን እንደጋረደ በገጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ መጫር ልማዴ ሆኗል።

ይህ ልማድ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ በ1927 የታተመውን «ወደ መብራት ማማው» የተባለውን ልብ ወለድ ሳነብ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሊሊ ብሪስኮ የምትባል ሠዓሊ አለች፤ ወይዘሮ ራምዚ በመስኮቱ ሥር ለትንሹ ልጇ ለጄምስ ስታነብለት እያየች ትስላለች። በሸራው ላይ የሚታየው ግን እናትም ልጅም አይመስልም፤ ሐምራዊ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ብቻ ነው። ሽማግሌው ባንክስ በሰንጢው ሸራውን መታ መታ እያደረገ ይህ ምንድን ነው ሲላት፣ እዚያ ብርሃን ካለ እዚህ ጥላ ያስፈልጋል የሚል መልስ ትሰጠዋለች። እሱም፣ ሰው ሁሉ የሚያከብረውን እናትንና ልጅን ያለ ድፍረት ወደ ጥላ መለወጥ ይቻላልን ብሎ ያሰላስላል።

የባንክስ ጥያቄ ለእኛ ባዕድ ሊሆንብን አይገባም። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ምስለ ፍቁር ወልዳን እያየን ያደግን ሰዎች፣ እናትና ልጅ በመልክ መምሰል ሳይሆን በሥርዓት እንደሚሳሉ እናውቃለን፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ኃጥእ በአንድ ዓይኑ በጎን ይሳላል፤ ሚካኤልና ገብርኤል በግራና በቀኝ ቆመው ሥዕሉን ሚዛን ያስጠብቃሉ። ሊሊ እንዲህ ያለ የተወረሰ ሥርዓት የላትም። ሚዛኑን ራሷ መፈለግ አለባት፤ መከራዋም ከዚህ ይመነጫል። በእራት ሰዓት ሰው ሁሉ ሲያወራ፣ ዛፉን ወደ መካከል ማምጣት እንዳለባት ድንገት ይገለጥላትና እንዳትረሳው የጨው ዕቃውን ከጠረጴዛው ልብስ ጥለት በአንዱ አበባ ላይ ታስቀምጠዋለች። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የላቀው ቦታ ይህ ነው፤ ስለ ጥበብ አንዲት ቃል ሳይነገር ጥበብ እንዴት እንደሚታሰብ በጨው ዕቃ ይታያል።

መጽሐፉ ራሱ የተሠራው በዚሁ አሳብ ነው። ዉልፍ ሥራውን ስታቅድ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ሁለት ብሎኮችን በአንድ መተላለፊያ ያገናኘ ንድፍ ስላ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል አንድ ቀን ነው፤ የመጨረሻውም አንድ ቀን ነው፤ መተላለፊያው ደግሞ ዐሥር ዓመት ነው፤ በዚያ ውስጥ ወይዘሮ ራምዚ መሞቷ የሚነገረን በካሬ ቅንፍ ውስጥ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ፍራይ ስለ መብራት ማማው ትርጉም ሲጽፍላት፣ ምንም ነገር እንዲወክል እንዳላሰበች፣ ንድፉን አያይዞ የሚይዝ መካከለኛ መስመር ስላስፈለጋት እንዳስገባችው መለሰችለት። ሊሊም በመጨረሻው ገጽ ላይ በሸራዋ መካከል አንዲት መስመር ታሰምርና ሥዕሏን ትጨርሳለች። ትርጉም እያሳደድን መጽሐፍ ለምናነብ ለእኛ ይህ መልስ ትንሽ ያስደነግጣል፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ይህንኑ በጽሑፍ ለመሞከር፣ መንዝ ውስጥ አንዲት ባልቴት የበግ ጠጉር ስትፈትል የሚያሳይ አጭር ትረካ ጀምሬያለሁ። ስለ ባልቴቲቱ ኑሮ ከመተረክ ይልቅ እንዝርቷን መካከለኛ መስመር አድርጌ፣ ገቢና ወጪውን ሰው ሁሉ ከእንዝርቱ ባለው ርቀት ለማስቀመጥ እየጣርኩ ነው። አስቸጋሪው እንዝርቱን ምሳሌ እንዳይሆን መከልከል ነው፤ ሁለት ጊዜ ካነሣሁት ወዲያው ዕድል ፈንታን ወይም ዘመንን መምሰል ይጀምራል።

አሁን ወደ መድረኩ ልሻገር፤ ታሪኩም ሳይታሰብ ወደ እኛው አውራጃ ይመጣል። በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1910፣ ገና ሳታገባና ምንም ልብ ወለድ ሳታሳትም፣ ቨርጂኒያ ከወንድሟ ከአድሪያንና ከአራት ወጣቶች ጋር ሆና ከእንግሊዝ የጦር መርከቦች ሁሉ ስመ ጥር በሆነችው በድሬድኖት ላይ ወጣች፤ የመጡትም «የአቢሲኒያ መሳፍንት» ተብለው ነው። ፊቷን አጥቁራ፣ ጢም ለጥፋ፣ ጥምጥም አድርጋ ነበር። የባሕር ኃይሉ በክብር ተቀበላቸው፤ የአገራችንን ሰንደቅ ዓላማ ስላላገኘ የዛንዚባርን ሰቀለ። መዋቢያው እንዳይለቅባቸው ምግብ አልቀመሱም። የተሣለቁት በመኮንኖቹ ላይ እንደነበር ይገባኛል፤ የመሣለቂያው ልብስ ግን እኛ ነበርን። በዚያው ወር ከደብረ ብርሃን ብዙ በማትርቀው በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ በጽኑ ታመው ተኝተው ነበር። የታሪኩን ቀልድ ሳነብ ይህን ከልቤ ማውጣት አልቻልኩም። ሆኖም ለርእሳችን የሚጠቅም ነገር አለው፤ ዉልፍ ክብርና ሥልጣን በልብስና በአቋም ብቻ እንዴት እንደሚቆም በዐይኗ ያየችው በዚያ መርከብ ላይ ነው፤ በ1940 ደግሞ በምትኖርበት መንደር ለነበሩ ሴቶች ታሪኩን በንግግር አቅርባዋለች።

በዚህ መካከል «ፍሬሽዎተር» የተባለ አስቂኝ ተውኔት ጽፋለች፤ ስለዚያችው ስለ ፎቶግራፍ አንሺዋ ካሜሮን የተጻፈ ነው። በጃንዋሪ 1935 በቫኔሳ ስቱዲዮ ሲቀርብ ካሜሮንን ሆና የተጫወተችው ራሷ ቫኔሳ ስትሆን፣ የዉልፍ ባል ሌናርድም አንዱን ገጸ ባሕርይ ወስዶ ነበር። እንደ ተውኔት ብዙ አልመካበትም፤ የቤተሰብ ጨዋታ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው ከሞተች በኋላ በ1941 በታተመው «በገቢሮች መካከል» ውስጥ ነው። ሚስ ላ ትሮብ የምትባል አዘጋጅ በአንድ የገጠር ቤት ሜዳ ላይ የእንግሊዝን ታሪክ በመንደርተኞች ታስጫውታለች፤ ራሷ ዛፍ ጀርባ ተደብቃ ትከታተላለች፤ ግራማፎኑ ይንቋቋል፤ የተዋንያኑን ቃል ነፋስ ይወስደዋል። ትርኢቱ ሊሞት ሲል ጥጃዋን ያጣች ላም ትጮኻለች፤ መንጋው ሁሉ ይከተላታል፤ ባዶውንም ጊዜ ላሞቹ ይሞሉታል። በመጨረሻ ተዋንያኑ መስተዋትና የሚያብለጨልጭ ዕቃ ሁሉ ይዘው ይወጡና ወደ ተመልካቹ ያዞሩታል፤ «የአሁኑ ዘመን» የተባለው ገቢር ተመልካቹ ራሱ ሆኖ ይገኛል። በምንጃር ኢራንቡቲ ጥምቀትን ያከበረ ሰው፣ ተመልካችና አክባሪ ሳይለዩ መዋላቸው ምንም አይደንቀውም። የዉልፍ ሰዎች ግን በመስተዋቱ ውስጥ ራሳቸውን ሲያዩ ይሸማቀቃሉ፤ አፍንጫው ብቻ ወይም ቀሚሱ ብቻ ነውና የሚታየው። ሊሊ በመስመር ያያያዘችውን፣ ላ ትሮብ በመስተዋት ሰባበረችው።

ቴአትር የሚያስተምር አንድ የቡድናችን ወዳጅ፣ ላሞቹ በአጋጣሚ ገቡ እንጂ የአዘጋጇ ጥበብ አይደሉም ሲል ተከራክሮኛል። አልተስማማሁም፤ ላ ትሮብ ላታዝዛቸው ትችላለች፤ ዉልፍ ግን በትክክል በዚያች ቦታ አስቀምጣቸዋለች፤ ልክ ሊሊ የጨው ዕቃውን እንዳስቀመጠችው።

ሙዚቃውን ገና አልነካሁትም፤ በ1940 በጻፈችው ደብዳቤ መጽሐፎቿን ከመጻፏ በፊት ሁልጊዜ እንደ ሙዚቃ እንደምታስባቸው መናገሯን ብቻ ይዣለሁ። በ1926 ስለ ሲኒማ የጻፈችው መጣጥፍ አጭር ስለሆነ ቅዳሜ ከውይይቱ በፊት አብረን ብናነበው ጥሩ ነው፦ አንድ ፊልም ስታይ በስክሪኑ ጥግ ላይ ሳይታሰብ የታየ፣ እንቁራሪት ግልገል የሚመስል ጥላ፣ ከተዋንያኑ ሁሉ ይልቅ ፍርሃትን ራሱን እንደመሰላት ትናገራለች። ከዚያ ቀጥዬ የምይዘው በ1934 ስለ ሠዓሊው ዋልተር ሲከርት ያሳተመችውን በጭውውት መልክ የተጻፈ መጣጥፍ ነው፤ ሥዕል የሚያጠና ሰው ከመካከላችን ቢረዳኝ ደስ ይለኛል፤ የመንዙን ትረካም እስከዚያ ከጨረስኩ አመጣዋለሁ።