በሚካኤልና በጽዮን መካከል

ሚያዝያ 27፣ ማታ

ዛሬ ትምህርት የለም። የትምህርት ቤቱ ጣጣ ግን ከትናንት ጀምሮ ተከትሎኝ ነው የዋለው።

የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪ እኔ ነኝ። ፈልጌው አይደለም። የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ «አንተ ያዘው» ተባልኩ፤ ያዝኩት። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ልጆቹ «ዛሬ በታሪክ» የምትል አጭር ዝግጅት ያነባሉ። ግማሹን ድምፅ ማጉያው ይበላዋል። የቀረውን ሰልፍ ላይ የሚያወሩት ይጨርሱታል። ያም ሆኖ እወዳታለሁ።

ትናንት ተረኛዋ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች። በማግስቱ በዓል ስለሆነ የነገውን ዛሬ ላንብብ ብላ ከደብተር የተገነጠለች ወረቀት ሰጠችኝ። ከስልክ ነው የገለበጠችው። ከላይ «ሜይ 5» ይላል፤ ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1818 ካርል ማርክስ ተወለደ። በ1821 ናፖሊዮን በሴንት ሄለና ደሴት ሞተ። በ1862 ሜክሲኮ ፈረንሳይን ፑዌብላ ላይ አሸነፈች። በ1945 ሆላንድ ከጀርመን ነፃ ወጣች። በ1961 አላን ሼፐርድ ወደ ጠፈር የወጣ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። ከሁሉም በታች በቀይ እስክሪብቶ «የአርበኞች የድል በዓል» የሚል አለ። ሌላ ምንም የለውም። ዓመተ ምሕረት እንኳን።

«የኛው ለምን መጨረሻ ላይ መጣ?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ስልኩ ላይ አልነበረም እኮ። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

መልስ አጣሁ። አነበበችው። ድምፅ ማጉያው ናፖሊዮንን ዋጠው። ወረቀቷን «ከበዓሉ በኋላ እመልስልሻለሁ» ብዬ ኪሴ ከተትኳት።

ዛሬ ጠዋት መድኃኔዓለምም አይደል፣ ባሕር ዳር ነጠላ በነጠላ ሆና ነበር። ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ወረድ ብዬ ዋርካ ሥር ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ ተቀመጥኩ። የሚያዝያ ሙቀት በጠዋቱ ጀምሯል። አንድ ሽማግሌ ከባጃጅ ወረዱ። ካኪ ልብስ ለብሰዋል፤ ደረታቸው ላይ ሦስት ሜዳሊያ። የአባታቸው መሆን አለበት፤ በ1933 የተዋጋ ሰው ዛሬ መቶ ዓመት አልፎታል። የአንዱ ሜዳሊያ መንጠቆ ተሰብሮ ነው መሰል በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከባጃጁ ልጅ ጋር በመልስ ተከራከሩ። ነገሩ አሥር ብር ነው። ልጁ «አባባ፣ ዝርዝር የለኝም» ይላል። እሳቸው «ፈልገህ አምጣ» ብለው ቆሙ። ፈልጎ አመጣ።

ወረቀቷን አወጣሁ። ከቀዩ መስመር አጠገብ መጻፍ የነበረበት ነገር ብዙ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ሚያዝያ 27 የጣሊያኑ ማርሻል ባዶልዮ አዲስ አበባ ገባ። የዚያኑ ዕለት ማታ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ጦርነቱ አለቀ ብሎ ለሕዝቡ ነገረ። አላለቀም። አምስት ዓመት ሞልቶ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ንጉሡ በእንጦጦ በኩል ከተማዋ ገቡ። የመጡትም በእኛው ጎጃም ነው። ጥር 12፣ በጥምቀት ማግስት፣ ሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቅለው በበላያ፣ በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስ አድርገው። ጎጃምን አምስቱን ዓመት ለጣሊያን አልጋ በአልጋ ያላደረጉለት እነ መንገሻ ጀንበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ፣ እነ በላይ ዘለቀ ናቸው። የባሕር ዳር አየር ማረፊያ ዛሬ በበላይ ዘለቀ ስም ነው የሚጠራው። ድሮ ስሙ ግንቦት ሃያ ነበር። ቀንን ስም ማድረግ አያዛልቅም።

ልብ የሚባለው ግን ይኼ ነው። አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው አንድ ወር ቀደም ብላ፣ መጋቢት 28 ነው። ከኬንያ የተነሣው የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ያን ቀን ገባ። በዚያው ቀን ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ። (በዚያው ቀን ሂትለር ዩጎዝላቪያንና ግሪክን ወረረ። መጋቢት 28 ራሱን የቻለ ወረቀት ይፈልጋል።) እንግሊዞች «ጸጥታው አሳስቦን ነው» እያሉ ንጉሡን አቆዩዋቸው። በመጨረሻ ሲገቡ ቀኑ ልክ አምስተኛ ዓመቱ ላይ ዋለ። ይህ በአጋጣሚ ሆነ የሚለኝ ሰው ካለ አላምነውም። ጠላት የጨፈረበትን ቀን ነጥቆ የራስ ማድረግ ነው። ጎበዝ ሰው የሚያስበው ነገር ነው።

ደርግ መጣና በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ወሰደው። የንጉሡ መግቢያ ሳይሆን የከተማዋ ነፃ መውጫ ይከበር ነው ነገሩ። አባቴ የተማረው ያኔ ነው። እስከ ዛሬ «የድል በዓል» ስለው መጀመሪያ ትዝ የሚለው መጋቢት ነው፤ ሰልፍ ላይ ፀሐይ መትቶት የወደቀበትን ዓመት ያወራልኛል። ደርግ ሲወድቅ ቀኑ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ልጅቷ ወረቀት ላይ ማርክስን ሳየው የሳቅኩት ለዚህ ነው። ደርጎች አዲስ አበባ ላይ ለማርክስ ሐውልት አቁመዋል። ልደቱ ሜይ 5 ነው። የሚምሉበት ሰው የተወለደበት ቀን ብሔራዊ በዓል ሆኖ እጃቸው ላይ ነበር፤ ገፍተው ጣሉት።

ጠንቃቃ ሰው ይህን ቀልድ ያበላሽብኛል። ፈረንጆች እ.ኤ.አ. 1900ን ያለ ፌብሩዋሪ 29 ነው ያሳለፉት። የኛ ቀመር ግን በየአራት ዓመቱ ስድስት ጳጉሜን መስጠቱን አላቋረጠም። በዚያ የተነሣ በአንድ ቀን ተራራቅን። ስለዚህ ማርክስ የተወለደ ዕለት እኛ ጋ ሚያዝያ 28 ነበር። የአድዋ ጦርነትም በነሱ ማርች 1 ነው የሆነው፤ የካቲት 23ን ስናከብር ግን ማርች 2 ላይ እንውላለን። ይህን በየዓመቱ ተማሪ ይጠይቀኛል። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየቆጠርኩ አስረዳለሁ። ስጨርስ የጠየቀኝ ልጅ ራሱ ሌላ ነገር ላይ ነው።

ሜክሲኮን ግን ልጅቷ ሳታውቀው ጥሩ ነገር አመጣችልኝ። ፑዌብላ ላይ የሆነው ከአድዋ ጋር ይመሳሰላል። ማንም ያልገመተው ጦር በጊዜው የተፈራውን የፈረንሳይ ጦር መለሰ። ፈረንሳይ በዓመቱ ኃይል ጨምራ ተመለሰችና ሜክሲኮ ሲቲን ያዘች። ጣሊያን 40 ዓመት ቆየች እንጂ ያው ነው። ኋላ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ጠቀለልኩ ሲል አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ሆነች። የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። እነሱም ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። ሜክሲኮ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይህን ቢያውቅ ወረፋው ያጥርለታል አልልም። ግን ይወቀው።

የሼፐርድ በረራ ከመነሻው እስከ ማረፊያው 15 ደቂቃ ያህል ነው የፈጀው። በኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1953 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ነው ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን ያገኘችው፤ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ። እኛ ሰፈር ግማሹ ሰው በዚያ ፋብሪካ ደሞዝ ያደገ ነው። አባቴ ራሱ። ከአሜሪካዊው ጉዞ ይልቅ ይኼኛው ወረቀቱ ላይ ቢሰፍር ደስ ይለኝ ነበር። ሆላንድ የራሷን ታክብር። ናፖሊዮንን ዘለልኩት፤ ድምፅ ማጉያው ልክ ነበር።

እኛም ብንሆን ቀኑን ስንጠብቀው አንውልም። በ2016 ፋሲካ ራሱ ሚያዝያ 27 ላይ ዋለ። ያን ዓመት ስለ ዶሮ ዋጋ እንጂ ስለ አርበኛ ያወራ ሰው ትዝ አይለኝም።

ቶናው ሲቀዳ ቀና ብዬ ሐይቁን አየሁ። አንድ ሰው በታንኳ ማገዶ ጭኖ ከዘጌ በኩል ይቀዝፋል። ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ታንኳው ዝቅ ብሏል። ከሩቅ ሲያዩት ሰውየው ውኃው ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ከሱ ወዲያ ጣና ብቻ ነው። 84 ኪሎ ሜትር ይረዝማል ይባላል፤ ማዶው አይታይም። ማዶው ጎርጎራ ነው። ደንቢያ። የአያቴ አገር።

አያቴ ሚያዝያ 27ን አክብሮ አያውቅም ነበር። ሬዲዮው በዓሉን ሲያወራ «እሱ ያዲስ አበባ ነው» ብሎ ወደ ከብቶቹ ይወጣል። ልጅ ሆኜ የሽማግሌ ኩርፊያ ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የገባኝ። ንጉሡ አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እጅ ነበረች። ጎርጎራም የጣሊያን ምሽግ ነበረባት። አዲስ አበባ እልል ስትል፣ ከዚህ ሐይቅ በስተ ሰሜን ያለው ሰው ክረምቱን ሙሉ የጣሊያንን ባንዲራ እያየ ነው የከረመው። ጎንደር ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ከሚያዝያ 27 ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። አንድ ሐይቅ ነው፤ አንድ ውኃ ነው የሚጠጡት። ግድግዳዬ ላይ ያለው ካላንደር ኅዳር 18ን እንደ ማንኛውም ቀን በጥቁር ቁጥር ነው ያተመው።

ቤት ገብቼ ጎርጎራ አክስቴ ጋ ደወልኩ። የአባቴ ታላቅ ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል።

«እትዬ፣ አባባ ጣሊያን የወጣው መቼ ነው ይሉ ነበር?»

«ምኑ?»

«ጣሊያን! የወጣበት ቀን!»

«እህ፣ ዛሬ ምን ነካህ ልጄ? ከብቱ ታሞብኝ እኔ...»

ስለ ላሟ አሥር ደቂቃ አወራን። መስመሩ ተቆረጠ። መልሼ ደወልኩ። ሲያነሡ ሰላምታውን እንኳ ሳይደግሙ ከዚያው ቀጠሉ።

«ቀኑን እንጃ። አባባ ሲል የነበረ ‹በሚካኤል ቁልቋል በር፣ ጽዮን ሳትደርስ ጎንደር› ነው። የዚያን ዓመት የጽዮንን ጠላ ያለ ጣሊያን ጠጣን ይል ነበር። እናቴ ጌሾ አብዝታበት መሮት ነበር አሉ።»

ስልኩን ዘግቼ ካላንደሩን አወረድኩ። የኅዳር ሚካኤል 12 ነው። ጽዮን 21። ቁልቋል በር ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር የተሸነፈው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1941 ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። ኅዳር 12። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ኅዳር 12። ጎንደር በስድስተኛው ቀን፣ በሚካኤልና በጽዮን መካከል። አያቴ ፊደል አልቆጠረም። እኔ በዲግሪዬ ያላወቅኩትን በጠላ ይዞት ኖሯል።

ቁልቋል በር ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከዚህ ወደ ጎንደር ሲሄዱ አዲስ ዘመንን አለፍ ብሎ ነው። በአውቶቡስ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። አንዴም በመስኮት ቀና ብዬ አላየሁትም፤ እዚያ ስደርስ ሁሌ እንቅልፍ ይወስደኛል።

የልጅቷን ወረቀት ገልብጬ ከጀርባው በቀይ «ኅዳር 12፣ ቁልቋል በር። ኅዳር 18፣ ጎንደር» ብዬ ጻፍኩ። ጠላውን ልጨምር አልጨምር አመነታሁና ጨመርኩት። ኅዳር እስኪመጣ ሰባት ወር ያህል ይቀራል። ያኔ አሥረኛ ክፍል ትሆናለች። ድምፅ ማጉያው እስከዚያ ካልተሠራ ጮክ ብላ ማንበብ ሊኖርባት ነው።