ሁለት ሄድፎን፣ እኩል ቮሊዩም

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ ሄድፎን የገዛ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሻጩ ማዳመጫውን ጆሮህ ላይ ጣል ያደርግና ቮሊዩሙን እስከ መጨረሻው ይለቅልሃል። «አቦ፣ ባሱን ስማው እስቲ!» ይልሃል። እውነትም ባሱ ይመታል። ቀጥሎ ሌላ ያስሞክርሃል። ድምፁ ትንሽ ዝቅ ካለ ወዲያው ከዓይንህ ይወርዳል። በቃ፣ የጮኸው ይሸጣል።

እኔ ሁለት ሄድፎን አለኝ። ሁለቱም ባለገመድ ናቸው። አንዱ ዘመድ ከጅቡቲ ያመጣልኝ ውድ ዕቃ ነው። ሌላው እዚሁ የተገዛ፣ ዋጋው ከዚያ በብዙ የሚያንስ። ስልኬ ላይ እያቀያየርኩ ስሰማቸው ርካሹ ደመቅ፣ ውዱ ፈዘዝ ይላል። «ዋጋው ለስሙ ነው» ብሎ መተው ቀላል ነበር። ግን ከመፍረዴ በፊት ሁለቱንም በእኩል ድምፅ መስማት ፈለግኩ።

ስልኩ ላይ ቮሊዩሙ አንድ ቦታ ቢቆምም ሁለት ሄድፎን እኩል አይጮህም። አንዱ በትንሽ ኃይል ይነሳል፣ ሌላው ብዙ ይጠይቃል። ካርቶናቸው ላይ በኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) እና በዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) የሚጻፈው ቁጥር የሚናገረው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። 1 ዴሲቤል ያህል ብቻ ሲበላለጡ ጆሮ «ይሄኛው ጮኸ» አይልም። «ይሄኛው ጥርት ያለ ነው፣ ጥልቀት አለው» ነው የሚለው። ብዙ ሰው ጥራት ብሎ የሚያወድሰው ነገር ቮሊዩም ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ይመስለኛል።

የጆሮ ጸባይም አለበት። ይህ ከተጠና ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ የአሜሪካው ቤል ላብስ ተመራማሪዎች ለክተው አሳትመውታል። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቶሎ የሚያጣው ባሱን ነው። ሄርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል። የ1000 ሄርዝ ድምፅ በ40 ዴሲቤል ብትሰማ፣ የ100 ሄርዙ ባስ ከእሱ እኩል እንዲሰማህ ከ20 ዴሲቤል በላይ ተጨማሪ ይፈልጋል። ወደ 80 ዴሲቤል ከፍ ስትል ይህ ክፍተት በጣም ይጠባል። ስለዚህ ቮሊዩም ስትጨምር ዘፈኑ እንዳለ አይደለም ከፍ የሚለው። ቤዝ ጊታሩና ከበሮው ከኋላ ወደ ፊት ይመጣሉ። ሄድፎኑ ያው ነው፤ የሚሰማህ ግን ሌላ ነው።

አለካኬ እንዲህ ነበር። ጠንካራ ካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ በሳሁ። የሌላ ስልክ ማይክ ቀዳዳው ላይ ገጥሜ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩ። ስልኩ ላይ ነጻ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫንኩበት። የሄድፎኑን ትራስ ካርቶኑ ላይ አስተኝቼ አየር እንዳያስገባ በእጄ ጫን አደረግኩት። ከዚያ ፒንክ ኖይዝ ከፈትኩ። እንደ ፏፏቴ ያለ ወጥ ድምፅ ነው፤ ከወፍራሙ ባስ እስከ ቀጭኑ ድረስ ሁሉም አለበት። ዘፈን ለዚህ አይሆንም፤ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቁጥሩ አይረጋም። እንዲህ ያለው አፕ የሚያሳየው ቁጥር ትክክለኛው ዴሲቤል ላይሆን ይችላል። እኔ ግን የፈለግኩት ልዩነቱን ስለሆነ በቂ ነበር።

ርካሹ በግልጽ በልጦ ተገኘ። ውዱን ከፍ እያደረግኩ ሄድኩ። የስልክ ቮሊዩም እርምጃው ሰፊ ነው፤ አንዱ ላይ ያንሳል፣ ቀጣዩ ላይ ያልፋል። የቀረችውን ትንሽ ልዩነት በኢኳላይዘሩ (ባሱንና ቀጭኑን ለየብቻ የሚያስተካክለው) ፕሪአምፕ፣ ማለትም ጠቅላላ ድምፁን ከፍ ዝቅ በሚያደርገው መቆጣጠሪያ፣ በግማሽ ዴሲቤል እየቀነስኩ አገናኘኋት። ትራሱ ሳይገጥም የተለካ ቁጥር ዋጋ ስለሌለው ሁለቱንም ደጋግሜ አንስቼ አስቀመጥኳቸው። በነገራችን ላይ መነጽር የምታደርጉ ሰዎች፣ ሄድፎን ስታወዳድሩ አውልቁት። እጀታው በሚከፍተው ቀዳዳ ባሱ ይፈስሳል።

ፍርዱን ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት፤ እሷ ዋጋቸውን አታውቅም። ሳይስተካከሉ በፊት ምንም ሳታመነታ ርካሹን መርጣ ነበር። ካስተካከልኩ በኋላ ያንኑ ዘፈን ከፈትኩላት። ርካሹን አዳመጠች። ውዱን አደረገች። ትንሽ ዝም ብላ «አንተ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ይሰማል እኮ! ቅድም የት ነበር?» አለችኝ። ክራሩም አንድ አንድ ክሩ ተለይቶ ይሰማል አለች። ርካሹ ላይ ያ ሁሉ ነበር፤ ግን ያበጠው ባስ ይሸፍነዋል። ሁለቱንም እኩል ከፍ ስናደርጋቸው ደግሞ የርካሹ ባስ መሰንጠቅ ጀመረ። ትንሿ ስፒከር ከአቅሟ በላይ ስትገፋ የምታወጣው ድምፅ ነው።

የሚገርመው ደግሞ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነው ነው። ሌሊት ሰው እንዳይረበሽ በዝቅታ ስናዳምጥ እህቴ ወደ ርካሹ ተመለሰች። ልክ ናት። በዝቅታ ጆሮ ባሱን ስለሚያጣው፣ ከፋብሪካው ባስ የበዛበት ሄድፎን ሚዛኑን ይጠብቃል። የድሮ ቴፕ ያለው ቤት ያደገ ሰው «ላውድነስ» የምትለዋን ቁልፍ ያስታውሳል። ሥራዋ ይኸው ነበር፤ በዝቅታ ስታዳምጥ ባሱን ትደግፋለች። አሁን እኔ ያንን በእጄ እሠራዋለሁ። ማታ ውዱ ላይ ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን በ4 ወይም በ5 ዴሲቤል ከፍ አደርጋለሁ። ድምፁ እንዳይሰነጠቅ ፕሪአምፑን በዚያው ልክ ዝቅ አደርጋለሁ። ቀን ቮሊዩም ስጨምር አጠፋዋለሁ።

ቀን ቮሊዩም የምጨምረው ለምን እንደሆነም ገብቶኛል። የድሬ ሙቀት ቬንትሌተር አያስጠፋም። ከዚራ ሰፈር የዛፉ ጥላ ደስ ቢልም የባጃጁ ጩኸት ያው ነው። ይህ ሁሉ ጫጫታ ዝቅ ያለውን የዘፈኑን ክፍል ይውጠዋል፤ እጅ ሳይታወቀው ወደ ቁልፉ ይሄዳል። መፍትሔው ቮሊዩም አይደለም። ጆሮን በደንብ የሚሸፍን ሄድፎን ነው፣ ወይም ቬንትሌተሩን አንድ ደረጃ መቀነስ።

ይህን የምለው ስለ ጥራት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው መጠን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 90 ላይ ስትደርስ በሳምንት 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ይቀርሃል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ጆሮ በጩኸት ሲደክም ለጊዜው ይደነዝዛል። የደነዘዘ ጆሮ ደግሞ ሌላ ጭማሪ ይጠይቃል። በዚህ የተነሳ ሄድፎን የማወዳድረው ጠዋት፣ ጆሮዬ ገና ሳይሰለች ነው።

ገበያ ውስጥ ካርቶንና ፕላስተር ይዞ መዞር አይቻልም። ሰው ይዤ ለመግዛት ስሄድ የማደርገው ቀላል ነው። በራሳችን ስልክ፣ በደንብ በምናውቀው አንድ ዘፈን እንሞክራለን። መጀመሪያ የዘፋኙን ድምፅ ብቻ እየሰማን ሁለቱን ሄድፎን እናስተካክላለን፤ ባሱን አንከተልም። ሰው በተለመደው ንግግር የሚያወራን ያህል ሲሆን እናቆማለን። ከዚያ ነው ስለ ባስ፣ ስለ ጥራት፣ ስለ ዋጋ የምናወራው። ሻጩ ቮሊዩሙን ሊጨምር እጁን ሲዘረጋ ስልኩን እኔ እይዘዋለሁ።