ትልቁን ኤክስትራ 330 ሞዴል አውሮፕላን እንዴት ገጣጥሜ ለበረራ እንዳበቃሁት

ዴንቨር በሚገኘው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ በብርዱ ወራት የገጣጠምኩት አውሮፕላን፣ ጀርመናዊው የአክሮባት አብራሪና የአውሮፕላን ነዳፊ ዋልተር ኤክስትራ ካወጣቸው አውሮፕላኖች አንዱ የሆነው የኤክስትራ 330 ኤስሲ ሞዴል ነው። እውነተኛው አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ሲሆን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.5 ሜትር ነው፤ የእኔው መጠኑ የዚያ 35 በመቶ በመሆኑ ክንፉ 2.6 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ያለ ነዳጅ 12 ኪሎ ያህል ነው። በአሜሪካ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ሞዴል የሚያበር ሰው በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመዝገብና ትረስት የሚባለውን አጭር የደኅንነት ፈተና ማለፍ ስላለበት፣ ይህን ቀድሜ ጨርሼ ነበር።

ሥራውን ስጀምር አንድ መመሪያ ለራሴ አስቀመጥኩ፤ በእንጨት፣ በብሎንና በዘንግ ርዝመት ሊስተካከል የሚችለውን ጉድለት አውሮፕላኑን ከመሬት በምቆጣጠርበት ሬዲዮ ፕሮግራም አልሸፍንም። የዛሬ ሬዲዮዎች የሰርቮን (የአውሮፕላኑን መቆጣጠሪያ ክፍሎች የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር) መሐል ነጥብ ማዛወር፣ የእንቅስቃሴውን መጠን መቀነስና አንዱን ከሌላው ጋር ማደባለቅ ስለሚችሉ፣ ጠማማ ሆኖ የተገጠመውን ሁሉ በጣት ጫፍ ማቃናት ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ የተቃናው ነገር ሰርቮው ያለውን ጉልበትና ጥራት ይበላበታል። ከዚህ ሁሉ ሥራ የተማርኩት ዋናው ነገርም ይኸው ነው።

አውሮፕላኑ የመጣው ከባልሳ እንጨትና ከስስ ኮምፔንሳቶ ተሠርቶ፣ በሙቀት ተኮማትሮ በሚወጠር ፊልም ተሸፍኖ ነው። የዴንቨር አየር ደረቅ በመሆኑ እንጨቱ እርጥበቱን ሲያጣ ይኮማተራል፣ ፊልሙም ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ሣጥኑን ከፍቼ ክፍሎቹን ለጥቂት ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ካቆየኋቸው በኋላ በትንሿ ካውያ መጀመሪያ የፊልሙን መጋጠሚያዎች በዝቅተኛ ሙቀት አጣብቄ፣ ከዚያ ሰፊውን ክፍል በከፍተኛ ሙቀት ወጠርኩት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፊልሙ ሲወጠር መጋጠሚያዎቹን ይስባቸዋል። ውጥረቱ ለመልክ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የክንፉ ቅርጽ ሳይጠማዘዝ እንዲቆይ የሚረዳው አንዱ ነገር ይህ ሽፋን ነው።

ክንፉ ላይ ያሉትንና አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያንከባልሉትን ኤይለሮኖች፣ ጭራው ላይ ያሉትንና አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርጉትን ኤሌቬተሮች፣ እንዲሁም ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረውን ራደር የሚይዙት ማጠፊያዎች በኤፖክሲ የሚጣበቁ ናቸው። ማጠፊያዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ፣ መታጠፊያቸው ላይ ጥቂት ቫዝሊን ቀብቼ፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ የ30 ደቂቃ ኤፖክሲ ተጠቀምኩ፤ ቫዝሊኑ ትርፍ ኮላ ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ እንዳያደርቀው ይከላከላል። ኮላው ከመድረቁ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ወደ ላይና ወደ ታች እስከ መጨረሻው አንቀሳቅሼ፣ መታጠፊያዎቹ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን አረጋገጥኩ። ከደረቀ በኋላ በክንፉና በኤይለሮኑ መካከል የቀረውን ስንጥቅ ግልጽ በሆነ ፊልም ከውስጥ ዘጋሁት። ይህን ሥራ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ክፍት ስንጥቅ ያለውን ትልቅ አውሮፕላን አላስነሳም፤ ምክንያቱም አየሩ በስንጥቁ ሲያልፍ የመቆጣጠሪያው ኃይል ይቀንሳል፣ በፍጥነት ሲበርም ክፍሉ ራሱ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ፍላተር የሚባለው ይህ መንቀጥቀጥ በሰከንዶች ውስጥ ኤይለሮንን ነቅሎ ይጥላል።

ከሁሉ የበለጠ ትዕግሥት የጠየቀኝ ሰርቮዎችን ማስማማት ነበር። በእያንዳንዱ ኤይለሮን ላይ ሁለት ሰርቮዎች አሉ፤ ሁለቱ አንድን ክፍል ስለሚገፉ፣ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ እንኳ ከተለየ ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ይታገላሉ፣ ባትሪ ይጨርሳሉ፣ ይግላሉ፣ በመጨረሻም ጥርሳቸው ይሰበራል። በመጀመሪያ የሰርቮውን ክንድ ሬዲዮው መሐል ላይ ሳለ ከመግፊያው ዘንግ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ አድርጌ ገጠምኩት፤ አንድ ጥርስ ወዲህ ወይም ወዲያ በማዞር የማይገኘውን ልዩነት በዘንጉ ርዝመት አስተካከልኩ። ቀጥሎ አንደኛውን ሰርቮ ብቻ ከኤይለሮኑ ጋር አገናኝቼ፣ የሁለተኛውን ዘንግ ጫፍ፣ ዘንጉ ከሚታሰርበትና ኤይለሮኑ ላይ ከተተከለው ቀንድ ቀዳዳ ፊት ለፊት ያዝኩት። ብሎኑ መሐል ላይ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ፣ እስከ መጨረሻውም ወደ ታች ሲሆን፣ በሦስቱም ቦታ ሳይገፋ በጣት ብቻ መግባት አለበት። መሐል ላይ ገብቶ ጫፍ ላይ እምቢ ካለ፣ የክንዶቹ ወይም የቀንዶቹ ቁመት እኩል አይደለም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ሬዲዮው ሳይሆን ወደ ካቻቪቴው ተመለስኩ። በመጨረሻ በባትሪውና በሰርቮዎቹ መካከል አምፔር መለኪያ አስገባሁ። ሁለቱ ሲስማሙ መለኪያው ዘንጎቻቸው ተፈትተው ከሚያሳየው ብዙም አይበልጥም፤ ሲታገሉ ግን ቁጥሩ ወዲያው ይዘላል፣ ከክንፉ ውስጥም ቀጭን የንብ ድምፅ ይሰማል።

የክንዱን ርዝመት ስመርጥ ፍላጎቴን አስቀደምኩ። እኔ የምወደው መስመሩን ጠብቆ የሚበር የአክሮባት በረራ ስለሆነ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚያንቀሳቅስ አጭር ክንድ ይበቃኛል፤ አውሮፕላኑን በአፍንጫው አቁሞ ማንጠልጠል የሚፈልግ ሰው ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚያስፈልገው ረዘም ያለ ክንድ ይገጥማል። ረጅም ክንድ ገጥሞ እንቅስቃሴውን በሬዲዮ ግማሽ ማድረግ ግን የሰርቮውን ጉልበት በከንቱ መጣል ነው። ሁለቱን ኤሌቬተሮች በዲጂታል የማዕዘን መለኪያ በየደረጃው አመሳሰልኳቸው፤ እኩል ካልሄዱ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሲያነሳ ወደ ጎን ይንከባለላልና።

ሞተሩ 100 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ዘይት በተቀላቀለበት ቤንዚን የሚሠራ ነው። የሞተሩንና የማርሚታውን ብሎኖች በሙሉ ብሎን በሚይዝ ሰማያዊ ኮላ አሰርኳቸው። የነዳጅ ቱቦው ለቤንዚን የተሠራ መሆን አለበት፤ ሲሊኮን በቤንዚን ይለሰልሳል፣ ያብጣልም። ሰርባቶዮውን ግራና ቀኙን ክንፍ የሚያያይዘው ቧንቧ በሚያልፍበት ቦታ አስቀመጥኩት፤ ነዳጁ ሲያልቅ ሚዛኑ እንዳይለወጥ ነው። ማቀጣጠያውን ከሬዲዮው የሚያጠፋ ማቋረጫም ገጠምኩ፤ ይህ ሳይኖር እንዲህ ያለ ሞተር ማስነሳት ተገቢ አይመስለኝም። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ በፋብሪካው የተስተካከለው ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ስለዚህ የነዳጁን መጠን የሚወስነውን መርፌ በጥቂት በጥቂቱ ዘጋሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የሚያበር ሰው ከዚህም በላይ መዝጋት ይኖርበታል፣ የማረፊያ ፍጥነቱም ከፍ ይላል።

የክብደቱን ማዕከል የለካሁት ባዶ ሰርባቶዮ ይዞ፣ ሁሉም ነገር ተገጥሞ፣ አውሮፕላኑን በክንፉ ቧንቧ አንጠልጥዬ ነው። እርሳስ መጨመር ስላልፈለግሁ ባትሪዎቹን ሁሉም ነገር እስኪያልቅ ድረስ አላሰርኳቸውም፤ የማቀጣጠያውንና የመቀበያውን (የሬዲዮውን ትእዛዝ አውሮፕላኑ ውስጥ የሚቀበለውን መሣሪያ) ባትሪዎች ወደ ኋላ በመግፋት ብቻ ሚዛኑ መጣ። መቀበያው ሁለት ባትሪና ሁለት ማብሪያ ስላለው አንዱ ቢቋረጥ ሌላው ይሸከማል። ከበረራው በፊት ሬዲዮው ሲቋረጥ ሞተሩ እንዲጠፋ አዘጋጅቼ፣ የሬዲዮውን ኃይል ቀንሼ ሞተሩ እየሠራ የርቀት ፈተና አደረግሁ፤ ሞተሩ ጠፍቶ የሚደረግ ፈተና የማቀጣጠያውን ረብሻ አያሳይም።

በመጀመሪያው በረራ የሠራሁት ቀጥ ብሎ እንዲበር ማስተካከልና ማሳረፍ ብቻ ነበር። ካረፈ በኋላ የማርሚታውን፣ የእግሮቹንና የፕሮፔለሩን ብሎኖች በሙሉ በብሩጎላ ፈተሽኳቸው፤ ከመጀመሪያው ሙቀትና ንቅናቄ በኋላ የሚላሉ ብሎኖች የሚገኙት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሚዛኑን በአየር ላይ ፈተንኩ። አውሮፕላኑን በ45 ዲግሪ ሽቅብ እያወጣሁ ገልብጬ ኤሌቬተሩን ለቀቅሁት፤ ቶሎ ወደ መሬት ከታጠፈ አፍንጫው ከብዷል፣ ወደ ላይ ከጠመዘዘ ጭራው ከብዷል፣ መስመሩን ይዞ ሄዶ ቀስ ብሎ ከወረደ ደግሞ ለእኔ ልክ ነው። ባትሪውን በጣት ስፋት ያህል ወደፊት ስመልሰው ይህን አገኘሁ።

በሬዲዮው እንዲቃና የተውኩት፣ አውሮፕላኑ በጎኑ ተኝቶ በራደር ሲበር ወደ ማረፊያ እግሮቹ የሚሳበውን ነው። ይህ ከአውሮፕላኑ ቅርጽ የሚመጣ ስለሆነ በብሎን አይስተካከልም፤ ራደሩ ሲንቀሳቀስ ኤሌቬተሩ በጥቂት በመቶ አብሮ እንዲነሳ አደረግሁ። የሚያስፈልገው መጠን በግራና በቀኝ እኩል ስላልሆነ ለየብቻ አስተካከልኳቸው፤ ባትሪው ቦታውን በለወጠ ቁጥርም ይህ መጠን ስለሚለወጥ ሥራውን የጀመርኩት ሚዛኑ ከተወሰነና ባትሪዎቹ በማሰሪያ ከታሰሩ በኋላ ነው።