አዳማ፦ ከፌስታል ወደ ባልዲ

ከደብረ ብርሃን አዳማ ስላለው መንገድ ብዙ የማወራው የለኝም። አዲስ አበባ ላይ መኪናው እስኪሞላ ጠበቅን፣ ከዚያ በፍጥነት መንገዱ ሰተት ብለን ገባን። ዓይኔን የያዘው የከተማው መዳረሻ ነው። ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይሽከረከራሉ። ከታች ደግሞ ያው ነፋስ የበተነው ፌስታል የግራሩ እሾህ ላይ ተሰክቶ ይርገበገባል።

የሄድኩት ያገለገለ ላስቲክ ቀልጦ ዕቃ ሲሆን ለማየት ነው። እኛ ሰፈር የዳቦ ፌስታል ከቆሻሻ ጋር ይቃጠላል። ጭሱ ቤት ድረስ ገብቶ ልጆቹን ያስላቸዋል። ይህ ነገር ሌላ መላ ሊኖረው ይገባል እያልኩ ስብሰለሰል ኖሬያለሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት ክፉ ነበር። ያረፍኩበት ቤት ማራገቢያው እኩለ ሌሊት ላይ ቀጥ አለ። መስኮቱን ስከፍት ቢምቢ ገባ፣ ስዘጋው ታፈንኩ። ብርድ ልብስ ደራርቦ መተኛት ለለመደ የደብረ ብርሃን ሰው የአዳማ ሙቀት ከባድ ነው። ጠዋት ደግሞ የባጃጁ ልጅ እንግዳነቴን አይቶ 200 ብር ጠራብኝ። ሻይ የምትሸጥ እናት ከመንገዱ ዳር ሰምታ «ኧረ ተው አንተ ልጅ፣ እግዜርን ፍራ!» ብላ ተቆጣችልኝ። በ80 ወሰደኝ። ስመለስ ሻይ ልጠጣላት ብፈልግ «የሻዩን ሌላ ጊዜ ትከፍላለህ» ብላ በነፃ ቀዳችልኝ።

ላስቲኩ የሚቀልጥበት ቦታ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ግቢ ነው። በር ላይ ላስቲክ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቆ ተከምሯል። ሴቶች ቁጭ ብለው ይለያሉ፤ ወረቀት የተለጠፈበት፣ ዘይት የነካው፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሸው ለየብቻ ይሄዳል። ከዚያ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ፌስታል ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ አሸዋው፣ ጠጠሩና የሃይላንድ ስባሪው ይዘቅጣል።

ማድረቂያው ፀሐይ ነው። ሌሊት ያማረርኩበት ሙቀት እዚህ ሥራ ይሠራል። ነፋስ እንዳይወስድበት መረብ ጥለውበታል። እኛ አገር በዚያ ጉም እንዲህ ቶሎ መች ይደርቅ ነበር?

የደረቀው ላስቲክ ስለት የሚሽከረከርበት በርሜል ውስጥ ሲገባ በፍትጊያው ብቻ ይሞቅና ተኮማትሮ ፍርፋሪ ይሆናል። ፍርፋሪው በጋለ ቱቦ ውስጥ እየተገፋ ይቀልጣል፣ ወንፊት አልፎ እንደ ገመድ ይወጣል፣ ውኃ ውስጥ ቀዝቅዞ ተቆርጦ እንክብል ይሆናል። እንክብሉ ነው በመጨረሻ ቀልጦ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ገብቶ ዕቃ ሆኖ የሚወጣው።

«ጋሼ፣ ይሄን ይንኩት» አለኝ ማሽኑ ላይ የቆመው ወጣት። ጎኑ ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉበት ጥቁር የግንባታ ባልዲ ነው። እርጥብ ላስቲክ ከገባ ውኃው ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ሆኖ እንዲህ ይበሳሳል አለኝ። ጥቁር የሆነውም ቀለሙ ሲደባለቅ ግራጫ ስለሚወጣ ነው፤ ጥቁር ቀለም ይሸፍነዋል። ፌስታል ብቻውን ልል ስለሆነ የተሰባበረ የለስላሳ ሳጥን ፈጭተው ይቀላቅሉበታል። ምግብ ለሚያዝበት ዕቃ ግን አይሠሩበትም። ደስ ያለኝ ይሄን ሳልጠይቀው መናገሩ ነው።

ከማቅለጡ ይልቅ የሚከብደው መሰብሰቡና ማጠቡ ነው። ሃይላንድ የሚለቅም ሰው አንድ ኪሎ ቶሎ ይሞላለታል። ፌስታል ግን ተከምሮም አይመዝን፣ የመዘነውም ግማሹ አፈርና ውኃ ነው። ስለዚህ ማንም አይጎነበስለትም።

ሕጉማ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታል እንዳይመረት ከለከለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታል ጭራሹን ታገደ። መታገዱን እደግፋለሁ። ግን የአበባ እርሻው ላስቲክ፣ የዕቃ ማሸጊያው፣ እስከዛሬ የተበተነው ሁሉ የትም አልሄደም። ለእሱ ማጠቢያ ገንዳና መመዘኛ ሚዛን ያስፈልጋል።

ከደብረ ብርሃን ብልክ ትቀበላላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «ደረቅና ንጹሕ ይሁን፣ በደንብ ይጠቅጠቅ» አለኝ ኃላፊው። «አለበለዚያ የጭነት ሒሳብ የሚከፍሉት ለአየር ነው።»

አገሬ እንደገባሁ ሰፈራችን ያሉትን ዳቦ ቤቶች አነጋገርኩ። አንደኛው የዱቄት ላስቲኩን በደረቁ ሊያስቀምጥልኝ ተስማምቷል። ሌላኛው ቦታ የለኝም ብሎኛል፤ ቅዳሜ ተመልሼ እለምነዋለሁ።