ጨረቃን እንደ ሰዓት ማንበብ

ጂፒኤስ ኪስህ ውስጥ እያለ ጨረቃንና ፀሐይን እየለካህ ያለህበትን ቦታ ለማውጣት ምን አደከመህ ይሉኛል። «ጂፒኤስ ቢጠፋስ» የሚለው መልስ እኔን አያሳምነኝም። ርካሽ የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ሰዓት ለማወቅ ጨረቃ ከፀሐይ ያላትን ርቀት መለካት አያስፈልገውም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው።

ጨረቃ ከፀሐይ አንጻር በየሰዓቱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ትሄዳለች፤ የራሷን ስፋት ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በማዕዘን አጥርቶ የለካ ሰው የግሪኒችን (ኬንትሮስ ከዜሮ የሚጀምርበትን የእንግሊዝ ቦታ) ሰዓት ከሰማይ ያነባል፣ ያንን ካለበት ቦታ ሰዓት ጋር አስተያይቶ ኬንትሮሱን፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደራቀ፣ ያወጣል። እንግሊዛዊው መርከበኛ ካፒቴን ኩክ እ.ኤ.አ. በ1768 ለባሕር ጉዞ ሲነሳ የሚተማመንበት የመርከብ ሰዓት አልነበረውም፤ የተማመነው በዚህችው፣ እኛ በአበቅቴ ፋሲካን በምናወጣባት ጨረቃ ነበር።

ያገለገለ ሴክስታንት (በሰማይ አካላት መካከል ያለውን ማዕዘን የሚለካ የመርከበኞች መሣሪያ) ገዝቼ ሲያትል፣ አልካይ ባሕር ዳርቻ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጨረቃዋ ግማሽ ልትሞላ ነው። ፀሐይዋን በጥቁር መስታወት አሳልፌ ጨረቃዋ አጠገብ አመጣኋት። ከባዱ ይሄ ነው። ሁለቱ ጠርዞች መነካካት እንጂ መደራረብ የለባቸውም፣ መሣሪያውን ቀስ አድርገህ ስታወዛውዘው የፀሐይዋ ጠርዝ የጨረቃዋን ነካ ብቻ አድርጎ ማለፍ አለበት። ትንፋሼን ይዤ አምስት ጊዜ ለካሁና አማካዩን ወሰድኩ።

ስሌቱ ረጅም ነው። ጨረቃ ቅርብ ስለሆነች እኛ ከምድር ገጽ የምናያት፣ ከምድር መሀል ብትታይ ከምትገኝበት እስከ 1 ዲግሪ ዝቅ ብላ ነው፤ ይህ መታረም አለበት። ስጨርስ ቦታዬ 150 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ከካስኬድ ተራሮች ማዶ ሆነ!

ሁለት ቀን ሙሉ ስሌቱን በረበርኩት። ስሌቱ ምንም አልነበረውም። ሴክስታንቱ ዲግሪ ለ60 ቢከፈል ሁለቱን ክፍል ያህል አሳንሶ ያነባል፣ እኔ ልደምርለት ሲገባኝ ቀነስኩበት። ስህተቱ አራት ክፍል ሆነ። እያንዳንዷ ክፍል ኬንትሮስን ግማሽ ዲግሪ ታዛባለች፤ በአራት ስታበዛት ተራራ ታሻግራለች።

የያዘኝ ይኸው ነው። የቆምኩበትን ቦታ ስለማውቅ ትክክለኛው መልስ ከፊቴ አለ፣ የቀረው ልዩነት ሁሉ የእጄና የመሣሪያዬ ነው። በሴክስታንት ከሚለካው ሁሉ እንዲህ የሚያጋልጥ ሌላ አላጋጠመኝም። አሁን መጀመሪያ ዜሮውን በአድማሱ መስመር እፈትሻለሁ፣ ከዚያ ደብተሬ ጥግ ላይ «ደምር» ወይም «ቀንስ» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ፣ ፀሐይዋን የማመጣት ከዚያ በኋላ ነው።