ዳክዬ ሳልበላ የዳክዬ ጠመንጃ ገዛሁ

ለጥምቀት ጎንደር ገብቼ አጎቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነው። ቶናው ላይ ደርሰናል። "በትርፍ ጊዜህ ምን ትሠራለህ?" አሉኝ። "ሸክላ በጥይት እመታለሁ" አልኳቸው። ሲኒውን አስቀመጡ።

"ሸክላ ምን በደለህ? ወለቃ ያሉት ሸክላ ሠሪ ሴቶች እንዳይሰሙህ!"

የምኖረው ኮሎራዶ ነው። እዚያ ማሽን ወደ ሰማይ የሚወረውራት፣ የተገለበጠች ትንሽ ሰሃን የምትመስል ነገር አለች። ስፋቷ 108 ሚሊ ሜትር ነው። ሸክላ ትባል እንጂ የምትሠራው ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ሬንጅ ከመሰለ ማጣበቂያ ነው። አንድ ዙር 25 ናት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ዋኔ፣ ኅዳር ላይ ፌዛንት የሚሉትን ጅራተ ረጅም የቆቅ ዘመድ አድናለሁ። ለሁሉም የሚሆን አንድ ሰሚ ኦቶማቲክ ሾትገን፣ ማለትም ብዙ ጥቃቅን ፍሬ በአንዴ የሚረጭ ጠመንጃ፣ ፈልጌ ነበር መከራዬን ያየሁት።

አጎቴ ጠመንጃ ያውቃሉ። ምንሽር፣ አልቤን፣ ክላሽ ብለው በድምፁ ይለያሉ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም የሚጠበቀው ሆነ።

"ስንት ይጎርሳል?"

"ለዋኔ ሦስት ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ጋሼ። ጥይት የሚቀመጥበት ቱቦ ውስጥ እንጨት ይሰካበታል።" የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ነው፤ ተሰዳጅ ወፍ የሚታደንበት ሾትገን ከሦስት በላይ መያዝ የለበትም። አጎቴ ይህን ጨርሶ አልወደዱትም።

ሰሚ ኦቶማቲክ ማለት ምላጩን በሳብክ ቁጥር አንድ የሚተኩስ ነው። ቀለሁን ራሱ ይጥላል፣ ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል። ይህን የሚያደርግበት መንገድ ግን ይለያያል። አንዱ ዓይነት ከሚነደው ባሩድ ጥቂት ጋዝ ሰርቆ በዚያ ይሠራል። ሌላው ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲረግጥ በራሱ ርግጫ ይንቀሳቀሳል። የጋዙ ከበድ ይላል፣ ትከሻ ላይ ለስለስ ይላል፣ ግን ጥላሸት ይሞላዋል። የርግጫው ቀላልና ንጹሕ ነው፤ ሲረግጥ ግን ይረግጣል።

እኔ ይህን ሳላውቅ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር፣ ግን ምን እንደማድን አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። በርግጫ የሚሠራ፣ ቀላል፣ ትልቁን የ3.5 ኢንች ጥይት የሚጎርስ አስያዘኝ። "ይህ ካለህ ሁሉንም ትችላለህ" አለኝ። ያን ትልቅ ጥይት የሚፈልጉት ዳክዬና ዝይ አዳኞች ናቸው። እኔ ዳክዬ አልበላም። እኛ ቤት ማንም አይበላም። ዳክዬ ገድዬ ለማን ላበላ ነው?

መጀመሪያ ቀን መቶ ሸክላ ተኮስኩ። ማታ ሸሚዜን ማውለቅ አቃተኝ። ትከሻዬ እንደ በለስ ጠቁሯል። ከዚያ የባሰው ሌላ ነው፦ ሰውነቴ ርግጫውን ፈርቶ፣ ምላጩን ከመሳቤ በፊት ዓይኔ መጨፈን ጀመረ። ለሸክላ የሚሆነውን ቀላሉን ጥይት ስሰጠው ደግሞ አንዳንዴ ቀለሁን መጣል ያቅተዋል። ሁለት ወር ታግዬ በኪሳራ ሸጥኩት።

ሁለተኛውን ስመርጥ መጀመሪያ የሰው ጠመንጃ እየለመንኩ ተኮስኩ። እዚያ ሰዎች አይሰስቱም፤ "ሞክረው" ይሉሃል። አንድ ሽማግሌ ያሳዩኝን ለአጎቴ በምርኩዛቸው አሳየኋቸው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ታያለህ። ዓይንህን ትጨፍናለህ። ሰደፉን ትከሻህ፣ ጉንጭህን እንጨቱ ላይ ታደርጋለህ። ከዚያ ዓይንህን ትገልጣለህ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ጠብታ የምታህል ማነጣጠሪያ ፊት ለፊትህ ካለች ልክህ ነው። የጠመንጃውን ጀርባ ብቻ ካየህ ወይም ጠብታዋን ለመፈለግ አንገትህን ካንቀሳቀስክ ልክህ አይደለም። አጎቴ ምርኩዙን አነሱ፣ ዓይናቸውን ገለጡ፣ በመስኮቱ በኩል በቀጥታ ወደ ፋሲል ግንብ። "ይኸው ልኬ ነው" አሉ።

የገዛሁት በጋዝ የሚሠራ ቤሬታ ኤ300 ነው። ካሊበሩ 12፣ ክብደቱ 3.3 ኪሎ ገደማ፣ የሚጎርሰው ትልቁ ጥይት 3 ኢንች። በተራራ ይዞት ለሚውል ሰው ቀላል አይደለም። ሸክላ ላይ ግን ያ ክብደት ርግጫውን ይውጠዋል፣ ክንድህም ሸክላዋን ተከትሎ ሳይቆም ይዞራል። ከሳጥኑ ውስጥ ስስ ስስ ሽብልቆች አብረው መጡ። ምን እንደሆኑ አላወቅኩም፣ ወደ ጎን አደረግኳቸው። ሦስት ሳምንት ሸክላ ስስት ከረምኩ። ኋላ 35 ሜትር ላይ ሰፊ ወረቀት ሰቅዬ ብተኩስ የእርሳሱ ፍሬ ሁሉ ካነጣጠርኩበት ነጥብ በላይ ሄዷል። ለካ ሽብልቆቹ ሰደፉ ከጠመንጃው አካል ጋር በሚገጥምበት ቦታ ገብተው የሰደፉን ከፍታ የሚያስተካክሉ ናቸው። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ።

አንድ ጥፋት ቀረኝ፣ እሱን ለአጎቴ ባልነግራቸው ይሻል ነበር። ጠመንጃውን ሳልወለውል ወራት ቆየሁ። ኅዳር ላይ ፌዛንቱ ከእግሬ ሥር ፍርርር ብሎ ተነሣ። የመጀመሪያውን ሳትኩ። ሁለተኛው አልጎረሰም። ወፉ ኮረብታውን ሲሻገር ቆሜ አየሁት።

"ሳትወለውል?" አሉ አጎቴ። "የማን ልጅ ነህ አንተ?" ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በረካው ቀረበ።

"ለመሆኑ ከ25ቱ ስንት ትመታለህ?"

"ደህና ቀን ሃያ።"

"የቀሩት አምስቱስ?"

"አብዛኞቹ መሬት ላይ ወድቀው ይሰበራሉ።"

"እንግዲያማ" አሉ ሲኒውን እያነሡ፣ "አንተን ምን አለፋህ?"