ሚዛን የማይደፋ ሾፌር

ቨርጂኒያ ውስጥ ግቢ ያለው ቤት የገዛ አበሻ ሁሉ ሚያዝያ ሲመጣ አንድ ጭንቀት አለበት፤ ሣር። ዝናቡ ጣል ጣል ካደረገ በቃ፣ ማታ ያየኸው ጠዋት ሌላ ነው። አገር ቤት ቢሆን ታጭዶ ለበዓል ጉዝጓዝ ይሸጥ ነበር። እዚህ ፌርፋክስ ካውንቲ ግን ከግማሽ ኤከር በሚያንስ የመኖሪያ ቦታ ላይ ሣሩ ከ12 ኢንች ካለፈ ደንብ መጣስ ነው።

የኔ ግቢ ከግማሽ ኤከር ትንሽ ታንሳለች፤ ግን ተዳፋት ናት፣ ጉብታዋም ብዙ ነው። ስለዚህ ተቀምጠው ከሚነዷቸው የሣር ማጨጃዎች አንዷን ከአንድ ሰውዬ በአሮጌ ዋጋ ገዛሁ። "ዊንተሩን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ነበረች፤ ጫፏን አልነካኋትም" አለኝ በኩራት። ችግሩም እሱ ነው፣ አልነካትም!

እዚህ ከማደያ የምንቀዳው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ኢታኖል ደግሞ እርጥበት ይስባል። ነዳጁ ለወራት ተኝቶ ሲከርም ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ሙጫ ይሠራል። ስፈታው ታችኛዋ ጽዋ ላይ አረንጓዴ ነገር ተጋግሯል። ነዳጅ የምታሳልፈው ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ታክላለች፤ እሷም ድፍን ብላለች። በቀጭን ሽቦ ስወጋት አመሸሁ።

ቪዲዮ ላይ የሚያስተምረው ሰውዬ ቡሎን በጣቱ ነካ ሲያደርግ ይፈታለታል። እጁም አይቆሽሽም። የኔዎቹ ቡሎኖች በዝገት ከሻንሲው ጋር ተጋብተዋል። ዘይት መድፊያዋን ያደረጉበት ቦታማ አይወራ፤ ስትከፈት ዘይቱ ዕቃው ውስጥ ከመግባት ይልቅ በሻንሲው ላይ ተንሸራቶ ወለሉን ያጠጣል። ይህን የነደፈው መሐንዲስ አፓርታማ ውስጥ እንደሚኖር አልጠራጠርም።

ከሁሉ የባሰችው ግን ቢላዋዎቹን የምታዞረው ቺንጊያ ናት። እሷን ለመቀየር ቢላዋዎቹን የያዘው የማሽኑ ሆድ መውረድ አለበት። ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ አወረድኩት፣ ቀየርኩ፣ መልሼ ሰቀልኩ። ቺንጊያዋን የምትወጥረው ሞላ ብቻ ቀረች። በፒንሳ ይዤ ስጎትት ተፈናጠረችና ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ገባች። እሷን ላወጣ ጎንበስ ስል ወገቤ ቀጥ አለ።

የባለቤቴ አጎት ለቡና መጥተው ነበር። ጋሼ በወጣትነታቸው አሰብ መንገድ ላይ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው የነዱ ሰው ናቸው። ብቅ አሉና አዩኝ።

"ይቺን ነው ማሽን የምትላት? ተነስ አንተ ልጅ፣ ሲባጎ አምጣ!"

ሲባጎውን በሞላዋ ጫፍ አሳልፈው ካቻቢቴ ላይ ጠመጠሙት፤ አንዴ ሳብ አደረጉና ቦታዋ ላይ ጣሏት። ቪዲዮ ላይ ይህ የለም።

ሞተሩ ተነሳ። እኔ ወገቤን ይዤ ቆሜያለሁና ሹፍርናውን ጋሼ ተረከቡ። ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ቢላዋውን ለቀቁ፣ ሄዱ። የመጀመሪያዋ ጉብታ ላይ ሲደርሱ ማሽኗ ጭጭ። አስነሱ፤ ጉብታ፤ ጭጭ።

ከመቀመጫው ሥር ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ቢላዋው እየዞረ ሰው ከተነሳ ሞተሩን ያጠፋል። መልካም ነገር ነው፣ ስንት እግር አድኗል። ጋሼ ግን ድሮም ቀጭን ናቸው፤ በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው። ጉብታ ላይ ትንሽ ነጠር ሲሉ ማሽኗ "የተቀመጠ ሰው የለም" ብላ ትደመድማለች።

"ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?" አሉ ተቆጥተው። "ሽቦዋን በጥሰን እናገናኛት!"

"ኧረ ጋሼ፣ ቢላዋ ነው፤ እሷስ ትቅርብን።"

"ክብደት ነው የቸገራት? እንሰጣታለና!"

ወደ ቤት ገቡና ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ታቅፈው ወጡ። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በአንድ እጃቸው ደገፍ አደረጉት። ማሽኗ ጉብታውን ሁሉ እየጋለበች አለፈችው! ጋሼ የአሰብን ቁልቁለት የሚወርዱ ነው የሚመስሉት።

አሜሪካዊው ጎረቤቴ አጥሩ ጋ እየሮጠ መጣ። ፊቱ ቀልቷል።

"ሰውዬው ሕፃን ታቅፈው ነው እንዴ የሚያጭዱት?"

"አይ፣ ዱቄት ነው" አልኩት።

ትንሽ አሰበና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ለማን ሊደውል እንደነበር አልጠየቅኩም።

በዚህ መሃል ባለቤቴ መስኮቱን ከፍታ "ኧረ ጤፉን ማን ወሰደው? ላቦካ ነው እኮ!" ብላ ጮኸች።

ጋሼ መሪውን ሳይለቁ "ቆይ ልጄ፣ የጓሮው ቀርቷል!" አሏት።